ታደለች እና የመንገድ ዳሩ ፏፏቴ

ታደለችን ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ የማያውቃት የለም። ስሟን የማያውቅ እንኳ በአረማመዷ ይለያታል፤ ቀኝ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ መንገዱ የአባቷ ርስት ይመስል መሃል ለመሃል የምትሄደው ሴትዮ እሷ ናት። የሰባት ዓመት ልጇን ፍናንን ይዛ በዲቪ መጣች፤ ባሏ እከተላችኋለሁ እንዳለ እዚያው ቀረ። ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ውስጥ፣ አንሶላ ስታጥብና ስታጥፍ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ። ልጇን አስተምራ ነርስ አደረገች። መንጃ ፈቃድ አምስት ጊዜ ወድቃ በስድስተኛው ነው ያገኘችው። አምስተኛው ላይ እኔ «አንቺ ሴትዮ፣ ተይው በቃ፣ ባስ ምን አደረገሽ?» ብላት ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ታደለች አንዴ ከወሰነች ወይ ፍንክች ያባ ቢላዋ ልጅ!

እኔ ሥርጉት እባላለሁ። ባልድዊን ሂልስ አንዲት አሮጊት እንከባከባለሁ። ምላሷ ይፋጃል ብለው ያሙኛል። ሐሜት አይደለም፣ ይፋጃል። ከታደለች ጋር ሃያ ዓመት ስንጣላ ነው የኖርነው፤ ሳንጣላ የዋልንበትን ቀን አላስታውስም። የሰው ጓደኛ ይስማማል፣ እኛ በጭቅጭቅ ነው የምንፋቀረው።

የታደለች መሐላ ደግሞ አንድ ነው፤ «ዘሪሁን ይሙት!» ዘሪሁን የመጨረሻ ወንድሟ ነው። እናታቸው ታማሚ ስለነበሩ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አዳማ አስተማሪ ነው። ፍናን አማርኛ ማንበብ የቻለችው እሱ በየእሁዱ በስልክ ፊደል እያስቆጠራት ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ እሁድ ሲሆን ይደዋወላሉ። ታደለች ዘይቱ ተወደደ ብትል «ዘሪሁን ይሙት» ነው፤ አልበላም፣ ጠግቤያለሁ ብትል «ዘሪሁን ይሙት» ነው። እኛ ዘንድ ሰው በሚወደው ሲምል ዝም አይባልም መቼም፤ «አይሙትብሽ» ይባላል። እኔም ሰው ሲያስነጥስ «ይማርሽ» እንደምለው፣ ሳላስበው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ «አይሙትብሽ» ስላት ኖርኩ። ተጣልተን እንኳ ፊቴን አዙሬ እላታለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። አገር ቤት ሰው ሲሞት ለዘመዱ ወዲያው አይነገርም። ዕድሩ ይመክራል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ በማለዳ በር ይንኳኳል። አሜሪካ ደግሞ የሁሉም ሰው ሺፍት መታየት አለበት፤ ሶ፣ መርዶ የሚነገረው እሁድ ነው። ታደለች የአባቷንም የእናቷንም ሞት የሰማችው እንዲህ ነው። የታላቅ እህቷ የአበባ ግን ከሁሉም ባሰ። አበባ ከሞተች በኋላ ታደለች እየደወለች «አበባን አቅርቡልኝ» ስትል፣ እዚያ ያሉት «ገበያ ሄዳለች» ይሏታል። በሁለተኛው ቀን ገበያ ሄዳለች። በአምስተኛው ቀን ገበያ ሄዳለች። በአስረኛው ቀን ታደለች እየሳቀች፣ «ጫማ ገዝቼላታለሁ፣ ቁጥሩ እንዳይጠባት ጠይቁልኝ» አለች። «እሺ፣ እንነግራታለን» አሏት።

በአስራ ሰባተኛው ቀን፣ እሁድ ማለዳ፣ አስራ አንድ ሆነን በሯን አንኳኳን። እኔ ከዕድሩ ሰብሳቢ ከጋሽ ወልዴ ኋላ ተደብቄ ቆሜያለሁ። ታደለች ለሥራ ልትወጣ ዩኒፎርሟን ለብሳለች። በሩን ከፍታ አንድ በአንድ አየችን፤ እኔ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ «የማንን ነው?» አለች።

ለቅሶው ሲያበቃ ዕድርተኛው ሁሉ በተቀመጠበት ተነስታ፣ «አስራ ሰባት ቀን ገበያ የዋለች ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናንተ ሁላችሁ አውቃችሁ እኔ ብቻዬን ስስቅ ከረምኩ! እህቴ አፈር ለብሳ እኔ የጫማ ቁጥር ስጠይቅ!» አለች። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። እኔን አንድ ወር አላናገረችኝም። ስንታረቅ እጄን ጨምድዳ ይዛ፣ «ከእንግዲህ የኔን ሀዘን ከኔ ደብቆ የሚይዝ ሰው አልፈልግም። አንቺ ከሰማሽ፣ በሰማሽበት ሰዓት ትነግሪኛለሽ። ማይልኝ» አለችኝ። «ማርያምን፣ እነግርሻለሁ» አልኳት። ምን ነክቶኝ እንደሆነ!

ይሄ ከሆነ አራት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ታደለች ስልሳ ሞላት። ፍናን «ማሚ፣ ለበርዝደይሽ ምን ላድርግልሽ?» ስትላት፣ «ፏፏቴ አሳይኝ» አለቻት። መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሷ እቴ! «ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ስከፍት ውሃ ስዘጋ ኖርኩ። ማንም ያልከፈተው፣ ማንም የማይዘጋው ውሃ አንድ ቀን በእጄ ልንካ» አለች። ጉልበቷ መስከረም ላይ ኦፕሬሽን ተይዞለታል፣ ተራራ መውጣት አትችልም። ፍናን ሃዋይ፣ ማዊ ደሴት ላይ፣ መንገድ ዳር ያለ ፏፏቴ ፈልጋ አገኘችላት፤ ከመኪና ወርዶ ጥቂት እርምጃ ነው አለች። ትኬቱን ለሁለት ሰው ቆረጠችው፤ እናቷ የምትጨቃጨቀው ሰው ከሌለ ጉዞ እንደማይጥማት ታውቃለች።

ማዊ በደረስን በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ታደለች ሻወር ውስጥ ሆና እኔ ጫማዬን ስፈልግ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ወልዴ ናቸው።

«ሥርጉት፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ ጋሼ። ምነው? ድምፅዎ ልክ አይደለም።»

«ዘሪሁን አረፈ። ማክሰኞ ዕለት። ክፍል ውስጥ እያስተማረ ልቡ ቀጥ አለ።»

ክው አልኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። የሻወሩ ውሃ ይሰማኛል፤ ታደለች ውስጥ ሆና ታንጎራጉራለች።

«ስሚኝ» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ትንፍሽ እንዳትይ። በሰው አገር፣ ሰው በሌለበት፣ መንገድ ላይ መርዶ አይነገርም። የደም ግፊት አለባት፤ ክልትው ብትልብሽ ምን ታደርጊያለሽ? እሁድ ማለዳ ቤቷ እንመጣለን። ለፍናንም አልነገርናትም፣ አብረን እናረዳቸዋለን። አንቺ ስልኳን ብቻ ጠብቂ፤ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ባለጌ አይጠፋም።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ምዬላታለሁ። ቀድሜ ልነግራት በማርያም ምዬላታለሁ።»

«ማርያም ይቅር ትልሻለች። ታደለች እጅሽ ላይ ብትሞት ግን ራስሽን ይቅር ትያለሽ?»

ስልኩን ዘጋሁና የታደለችን ስልክ አንስቼ ያችን የአውሮፕላን ምልክት ተጫንኳት። ታደለች ፀጉሯን እያደረቀች ስትወጣ፣ «እዚህ ደሴት ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም አሉ» አልኳት።

«ያንቺ ሲጮህ ሰማሁ መሰለኝ?»

«አላርም ነው።»

አየችኝና የተከራየናትን መኪና ቁልፍ አነሳች።

ድራይቭ የምታደርገው እሷ ናት። መንገዱ በአንድ በኩል ገደል፣ በታች ባሕር፣ በሌላ በኩል ጫካ ነው፤ በየኩርባው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ድልድይ አለ፤ አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ሌላ ቀን ቢሆን ከሆቴሉ ሳንወጣ ጀምሬ «ቀስ በይ! ገደል ልትከቺኝ ነው? አምስት ጊዜ የጣሉሽ ያለ ነገር መሰለሽ?» እላት ነበር። ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። «ራበሽ? ውሃ ልስጥሽ? ፀሐዩ አልበዛብሽም?» እላታለሁ፣ እንደ አራስ ጠያቂ። ዞር ብዬ ባየኋት ቁጥር የአበባ ጫማ ትዝ ይለኛል። ደግሞ እኔ ነኝ «ገበያ ሄዳለች» የምላት?

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዝናብ ጀመረ። ሰበብ አገኘሁ።

«ታደለች፣ እንመለስ። ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ጉልበትሽን ትሰብሪዋለሽ። ይሄ ሁሉ ለውሃ ነው? ውሃማ ይኸው ከሰማይ እየወረደልሽ ነው።»

«አልመለስም።»

«ነገ እንመጣለን።»

«ነገ አላምንም። ዘሪሁን ይሙት፣ ሳልነካው አልመለስም!»

አፌ ከራሱ ተከፈተ። «አይ...» አልኩና ቀረሁ። ምን ብዬ ልጨርሰው? የሞተ ሰው አይሙትብሽ ይባላል? ትን እንዳለው ሰው ሳልኩ። ታደለች በጎን አየችኝ፣ ከዚያ መንገዱን አየች። አንድ ድልድይ አለፍን። ሁለተኛውን ልናልፍ ቆመን ስንጠብቅ፣ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየለካች፣ «ዘሪሁን ይሙት፣ ይሄ ዝናብ አሁን ያባራል» አለች።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። አረንጓዴው ሁሉ ተቀላቀለብኝ። ትንሽ ጠብቃኝ ሬዲዮኑን አጠፋችው። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስለ ዝናቡ ብቻ አወራን፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ፏፏቴው እውነትም መንገድ ዳር ነው። ድልድዩን እንደ ተሻገርን ከአለቱ አናት ቁልቁል ሲወርድ አየነው፤ ነጭ፣ ረጅም፣ ጩኸቱ መኪናው ውስጥ ድረስ ይገባል። ሰዉ በመስኮቱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳና ይሄዳል። ፓርክ አደረገች።

«ይኸው አየሽው» አልኩ። «መስኮቱን አውርጂና ከዚሁ...»

በሩን ከፍታ ወረደች።

የእግር መንገዷ አጭር ናት፤ ግን እርጥብ ድንጋይና የዛፍ ሥር ነው። ለጤነኛ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው፣ ለታደለች ጉልበት ግን ፈተና ነው። እጄን ዘረጋሁላት። «ተይኝ» አለች። ጎኗን ሰጥታ፣ ደህናውን እግሯን እያስቀደመች፣ ቅርንጫፍ እየያዘች ወረደች። አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ስትደርስ መርገጫ አጣች፤ ቁጭ ብላ በቂጧ ተንሸራተተች። ቀሚሷ በጭቃ ተለወሰ። እኔ «ማርያም ማርያም» እያልኩ ከኋላዋ ነኝ። አንዴም ዞር ብላ አላየችኝም። ውሃው ጋ ደረሰች፣ ጎንበስ አለች፣ ሁለት እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። ብዙ ቆየች። ደስ ያላት መስሎኝ ትንሽ ልቤ ተመለሰ።

ከዚያ ቀና አለች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ሥርጉት» አለች።

«አቤት።»

«ዘሪሁን ይሙት።»

የውሃው ጩኸት እንዳላሰማኝ ሆኜ ቆምኩ። ዞረች።

«እመኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ ማልኩ፣ ሁለት ጊዜ ዋጥሽው። ሃያ ዓመት አንድ ቀን ረስተሽው አታውቂም። እዚያው ልጠይቅሽ ነበር፤ ግን መጀመሪያ የመጣሁበትን ልንካ ብዬ ነው። ነካሁት። አሁን ፊቴን እያየሽ አይሙትብሽ በይኝ።»

«ታዱ...» አልኩ። ታዱ ብያት አላውቅም።

«በይኝ!»

የጋሽ ወልዴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ክልትው ብትልብሽስ? ዙሪያዬን አየሁ፤ ድንጋይ ነው፣ ውሃ ነው፣ የሚያነሳልኝ አንድ ያገሬ ሰው የለም። ቀረብ ብዬ ሁለት ክንዷን ያዝኩ።

«ልልሽ አልችልም፣ ታደለች። ዘሪሁን ሞቷል። ማክሰኞ ዕለት፣ ክፍል ውስጥ እያስተማረ፣ ልቡ ነው።»

ዓይኗን ከዓይኔ አላነሳችም።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ዛሬ ጠዋት። ሻወር ውስጥ እያለሽ።»

«ግማሽ ቀን» አለች። «ከአስራ ሰባት ቀን ይሻላል።»

ከዚያ እሪ አለች። «ዋይ! ዋይ ወንድሜን! ዋይ ልጄን! ዋይ!» አብረን ድንጋዩ ላይ ወደቅን። ደረቷን ስትደቃ እጇን እይዛለሁ፣ ታመልጠኛለች። እኔም እሪ አልኩ። በዚያ ሁሉ ውሃ ጩኸት መሃል የሷ ድምፅ በልጦ ይሰማል። ፎቶ ሲያነሱ የነበሩት ስልካቸውን አወረዱ፤ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ።

መንገዱ ዳር ማንጎ የምትሸጥ የደሴቲቱ ሴትዮ ነበረች፤ ወፍራም፣ ሽበታም። በነጠላ ጫማ ድንጋዩን እየዘለለች ሮጣ መጣች፤ በእጇ የውሃ ጠርሙስ ይዛለች። ክዳኑን ከፍታ ወደ ታደለች አፍ አስጠጋችላት። ታደለች ራሷን ታወዛውዛለች፣ «ዋይ!» ትላለች፤ ሴትዮዋ ደግሞ እሺ፣ እሺ፣ ይኸውልሽ እያለች ውሃውን መልሳ ታስጠጋለች። ግራ ገባኝ። በእንግሊዝኛ፣ ወንድሟ ሞቶ ነው አልኳት። ሴትዮዋ ክው ብላ ቆመች። በአያቶቿ ቋንቋ ዋይ ማለት ውሃ መሆኑን፣ ሰው በውሃ ጥም ሊሞት የሚጮህ መስሏት መምጣቷን ነገረችኝ። ከዚያ ጭቃው ሳይገዳት ታደለች አጠገብ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ታሻት ጀመር፤ ስንት ዓመት የምታውቃት ለቅሶ ደራሽ መሰለች። ለቅሶው ሲበርድ፣ እንደ ደንባችን፣ በዚያው ውሃ ፊቷን አስታጠብናት።

ስንመለስ መኪናዋን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቁልፉን ስቀበላት አልተከራከረችም። ብዙ ከሄድን በኋላ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ጋ ስልኬ ኔትወርክ አገኘ። «አቁሚ» አለችኝ። «ስልኬን ከቦርሳዬ አውጪልኝ።» የሠራሁትን ነግሬ አስተካክዬ ሰጠኋት። አልተቆጣችም። መጀመሪያ ለጋሽ ወልዴ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሰምቻለሁ። ሥርጉትን እንዳይቆጧት፣ አስገድጄ ነው ያወጣሁት። እርስዎም አይዘኑ። እሁድ ኑ፤ በማለዳ ግን አትምጡ፣ እንቅልፋችሁን ጠግባችሁ ኑ። የሚነገር ነገር የለም፤ የሚለቀስ ብቻ ነው።»

ዘጋችውና፣ «ፍናንስ?» አለችኝ። «ታውቃለች?»

«አታውቅም። እሁድ አብረው ሊነግሯችሁ ነበር።»

የፍናንን ስም አወጣች። ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ። ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አሁን ሥራ ላይ ናት።»

ሞተሩን አጠፋሁ።

«በሽተኛ ይዛ ይሆናል። ሺፍቷ የሚያልቀው ማታ ነው። እያለቀሰች በዚያ ፍሪዌይ ላይ ድራይቭ ልታደርግ ነው? ቤትም ብትገባ ማንም የለም።» ጭቃ የነካውን ቀሚሷን በጥፍሯ ትፍቃለች። «ቅዳሜ ስንደርስ አቅፌ ብነግራት አይሻልም? ሁለት ቀን ምን አላት? እስከዚያ ስትደውል፣ አጎትሽ ደህና ነው፣ ትምህርት ቤት...»

እዚህ ላይ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ።

ምላሴ ላይ ስንት ነገር መጣ! «አየሽ? አየሽ እኛንም እንዲህ አድርጎን ነው!» ልላት ነበር። አራት ዓመት ስትወቅሰኝ የኖረችበትን ሁሉ በአንዴ ልመልስላት እችል ነበር። አላልኩም። ታደለችን ፈርታ ያየኋት ያን ቀን ነው።

«ለካ ፈርተው ነው» አለች። «እነዚያ ሁሉ ሰዎች። እኔ ንቀውኝ ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ታደለች አፍንጫዋን በሻርፗ ጠረገች፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ስልኩን አነሳች። ሁለቴ ሳይጠራ የፍናን ድምፅ መጣ፤ እየሳቀች ነው።

«ማሚ! አየሽው ፏፏቴውን?»

«አየሁት፣ ነካሁትም» አለች ታደለች። «ፍናንዬ፣ በሽተኛሽን ለሌላ ሰው ስጪና ቁጭ በይ። ስለ አጎትሽ የምነግርሽ አለ፤ እኔም የሰማሁት አሁን ነው።»